ረግረግ ውስጥ የሚቆፈር ኩሬ፦ ማመልከቻው ላይ ምን ምን ይታይ?

ፈቃድ_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ረግረጋማ መሬት ውስጥ ኩሬ ለመቆፈር የቀረበ ማመልከቻ ተገምግሞ ለአካባቢው ኮሚቴ መቅረብ አለበት። የፋይሉ ይዘት ባጭሩ እንዲህ ነው።

ቦታው ከዳገት ግርጌ ያለ ረግረግ ነው፤ ስፋቱ 1.5 ሄክታር ገደማ፣ አብዛኛውን ቄጠማና ፊላ ሸፍኖታል። ውሃውን ወደዚያ የሚልከው ዳገት 4 ሄክታር ይሆናል። ኩሬው ከላይ 40 በ25 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር፣ የጎኑ ተዳፋት 1 ለ 1። የሚወጣው አፈር 3,000 ሜትር ኩብ ተብሏል፤ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈው «በአካባቢው ይደለደላል» ብቻ ነው። ማፍሰሻው በ200 ሚሊሜትር ቱቦ ወደ ታችኛው ጅረት ይወርዳል። የአፈር ምርመራው አንድ ጉድጓድ ነው፤ 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ በደረቁ ወቅት የተቆፈረ፣ «ውሃ አልታየም» ይላል። ዓላማው ደግሞ «ለዓሣ እርባታ፣ ለመስኖ፣ ጎርፍ ለመያዝና ለወፎች መኖሪያ»።

ፋይሉ ተሟልቷል ለማለት ምን ይጎድለዋል? በቴክኒክ ረገድ ውድቅ ሊያደርገው የሚችለው ነጥብ የትኛው ነው? ቢፈቀድስ ቅድመ ሁኔታው እንዴት ይጻፍ? አመልካቹ «መሬቱ ድሮም ውሃ ነው፣ ኩሬ ቢሆን ምን ይቀየራል?» ይላል፤ ከኮሚቴው አባላትም በዚህ የሚስማሙ አሉ።

ውሃ_ልክ

መጀመሪያ «ውሃ አልታየም» የምትለው ነገር ላይ ይቁሙ። ላዩ ቄጠማና ፊላ ያበቀለ መሬት 1.5 ሜትር ሲቆፈር ደረቅ ከሆነ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ አፈሩ ጥብቅ ሸክላ ስለሆነ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። በሸክላ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በሰዓቱ ሲታይ ደረቅ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሹ ድረስ ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ንባቡ የተወሰደው ከተቆፈረ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ረግረጉ ውሃውን የያዘው ከሥሩ ባለ ስስ የሸክላ ንጣፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው አሸዋ ወይም ጠጠር ደረቅ ነው።

በሁለተኛው ሁኔታ 3 ሜትር መቆፈር ማለት የሳፋን ሥር መብሳት ማለት ነው። ኩሬው ውሃ አይዝም፤ ዙሪያው ያለው ረግረግም በዚያው ቀዳዳ ይወርዳል። በኋላ «ሸክላ እናለብሰዋለን» ቢባል ኩሬው ይድን ይሆናል እንጂ የተቆረጠው የረግረጉ ንጣፍ በጠርዙ በኩል ማፍሰሱን አያቆምም። የአመልካቹ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። ረግረግ ማለት ውሃ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት አፈር ነው። ኩሬ ደግሞ ያ አፈር ወጥቶ ባዶው ቦታ ሲሞላ ነው። ሁለቱም እርጥብ ስለሆኑ አንድ አይሆኑም።

በተቃራኒው፣ ቦታው ከዳገት ግርጌ ስለሆነ ውሃው ከታች ወደ ላይ የሚገፋም ሊሆን ይችላል። ይህ በሂሳብ ይታያል። ከቁፋሮው ወለል በታች 1 ሜትር ሸክላ ቀርቷል፣ ከሱ ሥር ያለው አሸዋ ውስጥ የውሃው ግፊት ከሸክላው ታችኛ ገጽ 2.5 ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ወደታች የሚጫነው 1 ሜትር ሸክላ በግምት 18 ኪሎፓስካል ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው 2.5 ጊዜ 9.81፣ ማለትም 24.5 ኪሎፓስካል ገደማ። ወለሉ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሥር አሸዋ የተቀላቀለበት ውሃ መፍላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ፓምፕ ቢደረደር ውሃው አይቆምም፤ ይባስ ብሎ ከሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ይወጣል፣ ዳርቻዎቹም ይናዳሉ።

ስለዚህ ፋይሉ ላይ የሚጨመረው ይህ ነው። ቢያንስ 4 የምርመራ ጉድጓድ፦ 3ቱ ኩሬውን በሦስት ማዕዘን ከበው፣ አንዱ በኩሬውና በጅረቱ መካከል። ሦስት ማዕዘን የሚያስፈልገው የከርሰ ምድር ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ ነው፤ በሁለት ነጥብ አቅጣጫ አይገኝም። ጥልቀታቸው ከኩሬው ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ዝቅ ይበል፣ እዚህ ላይ 4 ሜትር። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስሱ ንጣፍ ካለ የምርመራው ጉድጓድ ራሱ ይበሳዋልና በእጅ መሰርሰሪያ፣ በጠባቡ ይሠራ፤ ሲያልቅ በቤንቶናይት፣ ማለትም ውሃ ሲነካው አብጦ ቀዳዳ በሚደፍን የሸክላ ዓይነት፣ ይደፈን።

በእያንዳንዱ ጉድጓድ የአፈሩ ንብርብር በየ25 ሴንቲሜትሩ ይመዝገብ፤ ከዚያ 50 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ይግባ። የታችኛው 50 ሴንቲሜትር የተሰነጠቀ፣ ዙሪያው አሸዋ፣ ከላይ ቤንቶናይት። ቤንቶናይቱ ከተረሳ የዝናብ ውሃ በቱቦው ጎን ይወርድና የሚነበበው ላዩ ላይ የተኛው ውሃ ይሆናል። ንባቡ በየሁለት ሳምንቱ ይወሰድ፤ የዝናቡን መጨረሻና የደረቁን ወቅት መጨረሻ ሁለቱንም ይያዝ። የአንድ ቀን ንባብ የአንድ ቀን ወሬ ነው።

አሁን ወደ ቱቦው። ስዕሉ ላይ የቱቦው አፍ ከፍታ ተጽፏል? ካልተጻፈ ፋይሉ ገና አልተጀመረም ማለት ይቻላል። የማፍሰሻው አፍ ከረግረጉ መደበኛ የውሃ ከፍታ 60 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ኩሬው ረግረጉን የሚያደርቅ ሰፊ ቦይ ሆነ ማለት ነው፤ የቆፈረው ሰው ባያስበውም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የቱቦው ቦይ ነው። ቱቦው ቢዘጋ እንኳ ዙሪያው በልል አፈር ወይም በጠጠር ከተሞላ ውሃው በቱቦው ውጪ ይሄዳል። ቦዩ መሃል ላይ ቢያንስ አንድ የተጠቀጠቀ የሸክላ መሰኪያ ይጠየቅ።

አቅሙም አይበቃም። ለምሳሌ የዝናቡ መጠን በሰዓት 60 ሚሊሜትር፣ የፍሰት ምጣኔው (ከዘነበው ውስጥ በመሬቱ ላይ የሚፈሰው ድርሻ) 0.3 ቢወሰድ ከ4 ሄክታር የሚመጣው 0.3 × 60 × 4 ÷ 360፣ ማለትም በሰከንድ 0.2 ሜትር ኩብ ነው። የ200 ሚሊሜትር ቱቦ በግማሽ ሜትር የውሃ ጫና የሚያሳልፈው 0.06 ገደማ ነው። ቀሪው በዳርቻው ላይ ይዘላል፣ የዘለለበትን ቦታም ይቆርጣል። ከቱቦው ይልቅ ባልተነካ አፈር ላይ የተሠራ 4 ሜትር ስፋት ያለው ሣር የለበሰ ማስተንፈሻ (ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ሰፊ መውረጃ) ያንኑ 0.2 በ10 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍታ ያሳልፈዋል። ቱቦ ይዘጋል፤ ሣር አይዘጋም።

ጥቁር_አፈር

ወንድም ውሃ_ልክ የውሃውን ጨርሶታል፤ እኔ አፈሩን ልያዝ። በእኔ እይታ እንዲህ ያለ ፋይል ከኩሬው ይልቅ በአፈሩ ነው የሚወድቀው።

3,000 ሜትር ኩብ የተባለው 40 × 25 × 3 ነው፤ ቀጥ ያለ ሣጥን። ስዕሉ ላይ ግን ጎኑ 1 ለ 1 ተዳፋት አለው። በትክክል ሲሰላ፦ የላዩ ስፋት 1,000 ካሬ ሜትር፣ የወገቡ 37 በ22፣ ማለትም 814፣ የወለሉ 34 በ19፣ ማለትም 646። ላዩን፣ የወገቡን 4 እጥፍና ወለሉን ደምሮ በጥልቀቱ ማባዛት፣ ለ6 ማካፈል፦ 2,451 ሜትር ኩብ። ቅጹና ስዕሉ አይገጥሙም ማለት ነው። ይህን እንደ ጥቃቅን ስህተት አይለፉት። ፈቃዱ በየትኛው ቁጥር እንደወጣ ካልታወቀ ቆፋሪው በትልቁ ይቆፍራል።

ተዳፋቱም 1 ለ 1 ሆኖ አይቆምም። ውሃ የጠጣ ሸክላና ደለል፣ በተለይ ለመስኖ ተብሎ ውሃው በፍጥነት ሲቀዳ፣ ዳርቻው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ውጪ ይገፋውና ይናዳል። ሰውም ከብትም ከገባ መውጫ የለውም። በትንሹ 3 አግድም ለ 1 ቁም ይጠየቅ፤ በለስላሳ ፒት አፈር (በውሃ ውስጥ በከፊል ከበሰበሰ ተክል የተሠራ) ላይ 5 ለ 1 እንኳ ሊያንስ ይችላል። 3 ለ 1 ሲሆን ወለሉ 22 በ7 ይሆናል፣ መጠኑም ወደ 1,569 ሜትር ኩብ ይወርዳል። ከ880 ሜትር ኩብ በላይ አፈር ባለበት ይቀራል። ዳርቻው ተኝቶ የአፉን ስፋት ሳይጨምር ቁፋሮው ይቀንሳል፤ አመልካቾች ሲሰሙት የሚገርማቸው ይሄ ነው።

አሁን «ይደለደላል» የምትለዋን እንመዝናት። የተቆፈረ ሸክላ ያብጣል፤ 25 በመቶ ብንወስድ 1,569ኙ 1,960 ገደማ ይሆናል። 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢነጠፍ 6,500 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የኩሬው አፍ 1,000 ካሬ ሜትር ነው! በመጀመሪያው ስዕል ብንሄድ ደግሞ ከ1 ሄክታር ያልፋል፤ ረግረጉ በሙሉ 1.5 ሄክታር መሆኑን አይርሱ። ስለዚህ «በአካባቢው ይደለደላል» ማለት ሲተረጎም «ሁለት ሦስተኛው ረግረግ ይቀበራል» ማለት ነው። ዙሪያውን እንደ ግድብ ይከመር ቢባልም መፍትሔ አይደለም፤ ክምሩ ከዳገቱ የሚመጣውን ውሃ ያግዳል፣ ከላይ ያለው ይጠልቃል፣ ከታች ያለው ይደርቃል። ለስላሳ መሬት ላይ የተከመረ ከሆነ ደግሞ በክብደቱ ዳርቻውን ወደ ኩሬው ይገፋዋል።

አፈሩ ከረግረጉና ከመከላከያ ቀጠናው ውጪ ይውጣ፤ የሚሄድበት ቦታ በካርታ ላይ ይታይ፤ የዚያ መሬት ባለቤት ፈቃድ ይያያዝ። 10 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ወደ 196 ጉዞ ነው፤ መንገዱ ይችለዋል ወይ ብሎ መጠየቅም የገምጋሚው ሥራ ነው። እግረ መንገዴን፦ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከግቢ የሚወጣና ለሽያጭ የሚሄድ ከሆነ፣ ጥልቀቱም ከተገለጸው ዓላማ ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ የቀረበው የኩሬ ማመልከቻ ላይሆን ይችላል። የአሸዋ ወይም የሸክላ ማውጫ ነው፣ ኩሬው ሰበብ ነው። የሚታየውም በሌላ ሕግ ነው።

ሌላው የላይኛው አፈር ነው። የላይኛው 20 ሴንቲሜትር ከነሥሩ ለብቻው ይነሣ፤ የቄጠማው ዘርና ሥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከታችኛው ጋር ከተደባለቀ አለቀ። በእርጥበት ይቆይ፣ ከፍ ተደርጎ አይከመር፣ ዳርቻው እንደተስተካከለ ወዲያው ይመለስ። ጥቁርና ስፖንጅ መሰል ፒት አፈር ከሆነ ደረቅ ላይ ሲሰጣ ይሟሽሻል፤ አንዴ በደንብ ከደረቀ ውሃ አልቀበል ይላል፣ እሳትም ይይዘዋል። ሲቆፈር የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው ደግሞ ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) መኖር አለመኖሩ ይመርመር። ፒራይት ያለበት አፈር አየር ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ያመነጫል። ናሙናው ላይ 30 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ሲደረግ በኃይል አረፋ ከደፈቀና ፒኤች ከ3 በታች ከወረደ ቁፋሮው በዚያ ጥልቀት አይፈቀድ። ሽታው ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ጤነኛ ረግረግም ይሸታል። ፈተናውን ጓንትና መነጽር ያለው ሰው ይሥራው።

ቄጠማ

ሁለታችሁም ኩሬው ራሱ የት እንደሚወድቅ ተስማምታችሁ ነው የጀመራችሁት። ለመሆኑ የረግረጉ ወሰን ተሠምሯል? ፋይሉ «1.5 ሄክታር ገደማ» ነው የሚለው። ወሰን በዓይን አይሰመርም፤ ሦስት ምልክት አብሮ ይታያል፦ ተክል፣ አፈር፣ ውሃ። በደረቁ ወቅት ውሃው ይጠፋል፣ ከብት ከገባበት ተክሉም ይጠፋል፣ አፈሩ ግን አይዋሽም።

ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ቀጥ ባለ መስመር ሄዶ በየ5 ሜትሩ በአካፋ 50 ሴንቲሜትር መቆፈር ነው። ቋሚውን ግድግዳ በቢላ ላጭቶ፣ ውሃ ረጭቶ፣ ፀሐይን ወደ ኋላ አድርጎ ማየት። በላይኛው 30 ሴንቲሜትር ውስጥ መሠረቱ ግራጫ ሆኖ በሥሮቹ መስመር የዝገት ቀለም ክር ካለበት ረግረግ ነው። ክሩ የሚፈጠረው ውሃ በሞላው አፈር ውስጥ ሥሩ በሚያስገባው ጥቂት አየር ብረቱ ስለሚዝግ ነው። ወደ ዳገቱ ሲጠጉ ግራጫው እየጠለቀ ሄዶ የላዩ አፈር ወጥ ቡናማ ይሆናል፤ ወሰኑ እዚያ መሃል ነው። ቁጥር ያለው ባንዲራ በየ10 ሜትሩ ይተከል፣ ቀያሽ ያንሣው፣ ስዕሉ ላይ ይግባ። የኩሬው አራት ማዕዘንም ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት በካስማ ይታይ። ወሰኑ በዚህ መንገድ ሲሰመር ኩሬውን 20 ወይም 30 ሜትር ወደ ደረቁ ጠርዝ በማዛወር ብቻ ክርክሩ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ግምገማውም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ረግረጉን መተው ይቻላል ወይ፣ ካልተቻለ መቀነስ ይቻላል ወይ፣ መጨረሻ ላይ ማካካሻ። አመልካቾች ከመጨረሻው መጀመር ይወዳሉ።

ዓላማውን ግን በደንብ ተመልከቱት። አራት ዓላማ ነው፣ ጉድጓዱ ግን አንድ ነው፤ እርስ በርስ ይጣላሉ። ዓሣ የማይቀንስ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል። መስኖ ልክ በደረቁ ወቅት ውሃውን ይቀዳዋል። ጎርፍ የሚያዘው ባዶ ቦታ ሲኖር ነው። በጭቃ ላይ የሚለቅሙ ወፎች ከ5 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ዳርቻ ይፈልጋሉ፤ 1 ለ 1 ዳርቻ ላይ ያ ጥልቀት የሚገኘው በአንድ ክንድ ባልሞላ ስፋት ነው። ዓሣ ከገባበት ደግሞ የእንቁራሪት እጭ ይበላል፣ ጎርፍ ሲመጣም ዓሣው ወደ ጅረቱ ያመልጣል። አመልካቹ አንድ ዋና ዓላማ ይምረጥ፤ ጥልቀቱና ቅርጹ ከዚያ ይወጣል። ሳይመርጥ የሚመጣ ስዕል ለየትኛውም አይሆንም።

ከእናንተ የምለይበት አንድ ነጥብ አለ። ረግረግ ውስጥ መቆፈር ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። ፊላ ብቻውን ወርሶት፣ ክፍት ውሃ የሚባል የጠፋበት ቦታ ከሆነ ከ30 እስከ 50 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው፣ ዳርቻው 10 ለ 1 የተኛ፣ ማፍሰሻ የሌለው ገረፍ ያለ ቁፋሮ ይጠቅማል። የሸክላውን ንጣፍ አይነካም፣ የሚወጣው አፈርም ትንሽ ነው። ኮሚቴው «ይቆፈር» እና «አይቆፈር» በሚለው ብቻ ተከፍሎ ሲከራከር ይህ መካከለኛ አማራጭ ስሙም አይነሣም።

ውሃ_ልክ

ቄጠማ ያልሽው ልክ ነው፤ ጥልቀቱ ከንጣፉ በላይ እስከቀረ ድረስ እስማማለሁ። ግን እሱን ለማወቅም ያው የምርመራው ጉድጓድ ያስፈልጋል።

ፈቃድ_ክፍል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ልጨምር። አመልካቹ ወደ 24 በ16 ሜትር፣ 2 ሜትር ጥልቀት ለመቀነስ ፈቃደኛ ነው፤ ዳርቻው 3 ለ 1። የጎርፍ ነገር ግን አሁንም ዋና መከራከሪያው ነው። በተጨማሪም ቦታው ላይ 30 ሜትር ርዝመት፣ 80 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ከረግረጉ ወደ ጅረቱ አስቀድሞ ተከፍቶ ተገኝቷል። «ለምርመራ ነው» ተብሏል። ይደፈን ብሎ ወዲያው ማዘዝ ትክክል ነው?

ውሃ_ልክ

ስለ ጎርፉ፦ ከውሃው መደበኛ ከፍታ በታች ያለው የኩሬ ሆድ ድሮውኑ ሙሉ ነው። ሙሉ እንስራ ላይ ውሃ አይጨመርም። የሚቆጠረው ከመደበኛው ከፍታ እስከ ማስተንፈሻው ጫፍ ያለው ብቻ ነው። በቀድሞው ስዕል ይህ 30 ሴንቲሜትር ቢሆን ዳርቻው 3 ለ 1 ተኝቶ ወደ 280 ሜትር ኩብ ነበር፤ አመልካቹ ግን ሙሉውን 3,000 የሚቆጥር ይመስላል። በአዲሱ ስዕል ከ110 አይበልጥም። በዚያ ላይ ረግረጉ ራሱ ያንኑ ውሃ በቄጠማው መሃል አዘግይቶ ይይዝ ነበር፤ የተቆፈረበት ቦታ ይይዘው የነበረው ከዚህ ላይ ይቀነስ።

ትነትን እንደ መከራከሪያ የሚያነሣም ይኖራል። በቀን 5 ሚሊሜትር ቢተን ከ1,000 ካሬ ሜትር 5 ሜትር ኩብ ነው፤ ግን ቄጠማውም በቅጠሉ ያተናል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ኮሚቴው ጊዜውን እዚህ ላይ ባያጠፋ ይሻላል። መስኖው ነው የሚያሳስበው። በቀን የሚቀዳው መጠንና መቅዳት የሚቆምበት ከፍታ በሜትር ይጻፍ።

ቁፋሮው በፓምፕ እየደረቀ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ውሃው ምን ያህል ርቆ እንደሚወርድ በግምት ማየት ይቻላል፦ 3,000 × የሚወርደው ጥልቀት በሜትር × የአፈሩ የማሳለፍ ፍጥነት ስኩዌር ሩት፤ ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ። ለ2 ሜትርና ለ0.00001 ከ19 ሜትር አይበልጥም፤ ለ0.0001፣ ማለትም ለአሸዋ፣ 60 ሜትር ይሆናል። ሻካራ ግምት ነው፣ ግን የጎረቤት ጉድጓድ 40 ሜትር ላይ ካለ ማን መስማት እንዳለበት ይነግርዎታል። ከተቻለ ፓምፕ ሳይኖር፣ ረጅም ክንድ ባለው ኤክስካቫተር ከዳር ሆኖ በእርጥቡ መቆፈር ይመረጣል።

ቦዩ፦ አዎ ይደፈን፣ ግን ከመደፈኑ በፊት ይለካ። ፎቶ፣ የወለሉ ከፍታ በሦስት ቦታ፣ የሚፈሰው ውሃ መጠን። አሁኑኑ ሊደረግ የሚገባው በጅረቱ በኩል ያለውን አፉን በአሸዋ ከረጢት መዝጋት ነው፤ መፍሰሱ ይቆማል፣ ማስረጃውም አይጠፋም። ከዚያ ሲደፈን የወጣው ሸክላ በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይመለስ፣ የላዩ ጥቁር አፈር መጨረሻ ላይ። በአንድ ጊዜ ተገፍቶ ከተሞላ ይሰምጥና በመጀመሪያው ዝናብ ያው ቦይ ሆኖ ይመለሳል። በነገራችን ላይ ቦዩ ከተከፈተ በኋላ የተወሰደ የውሃ ከፍታ ንባብ ሁሉ የደረቀ ረግረግ ንባብ ነው፤ «መደበኛ ከፍታ» ተብሎ አይመዝገብ። ምናልባት ያ 1.5 ሜትር ጉድጓድ የደረቀው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላልና ቀኖቹ ይመሳከሩ።

ጥቁር_አፈር

የአዲሱ ስዕል ሂሳብ ይሄው፦ ላዩ 384፣ ወገቡ 18 በ10፣ ማለትም 180፣ ወለሉ 12 በ4፣ ማለትም 48። መጠኑ 384 ሜትር ኩብ፤ ሲያብጥ 480። የሚያስፈልገው መደልደያ 1,600 ካሬ ሜትር ነው፤ ከረግረጉ ውጪ ይህን ያህል ቦታ ማግኘት ይቻላል። አሁን ገና ሊወራበት የሚችል ማመልከቻ ሆነ።

ፋይል_መርማሪ

ቴክኒኩ ተብሏል፤ እኔ ስለ አጻጻፉ ብቻ። ቅድመ ሁኔታ የሚጻፈው በኋላ ቦታው ላይ ቆሞ «ተፈጽሟል» ወይም «አልተፈጸመም» ሊባል በሚችል መልክ ነው። «አመልካቹ አካባቢውን እንዳይጎዳ ይጠንቀቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስርም፤ ይግባኝ ቢባል መጀመሪያ የሚወድቀውም እሱ ነው። በምትኩ ለምሳሌ፦

«የማስተንፈሻው ጫፍ ከፍታ በስዕሉ ላይ ካለው ቤንች ማርክ (ቋሚ የከፍታ መነሻ ምልክት) አንጻር 98.40 ሜትር ይሆናል፤ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት አይፈቀድም፤ ኩሬው ከመሙላቱ በፊት በቀያሽ ይረጋገጣል።»

«ከኩሬው ጠርዝ 15 ሜትር ላይ ባለው የመከታተያ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ከሥራው በፊት ከተመዘገበው ዝቅተኛ ንባብ 20 ሴንቲሜትር በታች ለ2 ተከታታይ ቀን ከወረደ ፓምፕም ቁፋሮም ይቆማል።»

«ከወለሉ በታች ያለው የሸክላ ንጣፍ ቢበሳ ሥራው በዚያው ሰዓት ይቆማል፣ ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ቀን ይነገረዋል።»

98.40 ምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን ከቀያሹ ውሰዱ። ቤንች ማርኩም ከቁፋሮው ውጪ፣ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ይሁን። ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር ዛፉ ሲቆረጥ ፈቃዱን ይዞት ይሄዳል።

ለሥራው ጊዜ፦ ደረቁ ወቅት፣ መጀመሪያና መጨረሻ ቀኑ ተጽፎ። ማሽኑ የሚቆምበት የእንጨት ርብራብ ይነጠፍ፤ ሰንሰለቱ የሚተወው ዱካ ራሱ ቦይ ሆኖ ውሃ ይወስዳል፣ ቆሞ ከቀረም የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ነዳጅ ቢያንስ 30 ሜትር ከውሃው ርቆ ይቀዳ። የደለል መከላከያ ጨርቁ የታችኛው ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ተቀብሮ አፈር ይጠቅጠቅበት። ካልተቀበረ ውሃው በሥሩ ያልፋል፣ ጨርቁም ለፎቶ ያህል ቆሞ ይቀራል። ውሃ በሚፈስበት መስመር ላይ አግድም አይዘርጋ፤ ይገነደሳል። ከፓምፕ የሚወጣው ድፍርስ ውሃ ሣር ባለው ደረቅ መሬት ላይ ይበተን እንጂ ቀጥታ ጅረት አይግባ፤ የፓምፑ መምጠጫም ከወለሉ ከፍ ብሎ በተበሳሳ በርሜል ውስጥ ይቀመጥ።

ስለ ሂደቱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ያልተሟላ ፋይል ለኮሚቴ አይቅረብ። የጎደለው በዝርዝር በጽሑፍ ለአመልካቹ ይመለስ፣ የግምገማው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ሲሟላ መሆኑም ይገለጽለት። አሁን ባለው ሁኔታ የጎደሉት፦ በቀያሽ የተነሣ የረግረግ ወሰን፣ ከፍታ ያለው ፕላንና ቢያንስ ሁለት የቁርጥ ስዕል፣ የ4ቱ ጉድጓድ መዝገብና በሁለቱም ወቅት የተወሰደ ንባብ፣ የአፈሩ መድረሻ፣ አንዱ ዋና ዓላማ፣ ከረግረጉ ውጪ ያለ አማራጭ ቦታ ለምን እንደማይሆን ማብራሪያ፣ የታችኛው ተፋሰስ ጎረቤቶች እንዲያውቁት የተደረገበት ማስረጃ። ቦዩ ለብቻው ጉዳይ ነው፤ በራሱ ቁጥር ይከፈት። ከኩሬው ፋይል ጋር ከተቀላቀለ ኩሬው የተፈቀደ ቀን ቦዩም አብሮ የተፈቀደ ይመስላል።

ፈቃድ_ክፍል

ተረድቻለሁ። ፋይሉ በዝርዝሩ መሠረት ይመለሳል፣ የቦዩ አፍ ነገ ተለክቶ ይዘጋል። ቤንች ማርኩ ግን አሁን ያለው በስዕሉ መሠረት አጥር ቋሚ እንጨት ላይ ነው።

ፋይል_መርማሪ

ይቀየር። ኮንክሪት ላይ ይሁን፤ ሁለተኛ መጠባበቂያም ይኑረው።